ሁለት በር ያላት ክፍል

ቤቱን ያሠራው ኮርቻ ሰፊ ነበር። ጊዜው የፈረስ ጊዜ ነውና እጁ ሥራ አያጣም፤ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ በድንጋይ መሠረት ጥሎ፣ ወለሉን ጣውላ አልብሶ፣ ሰፊ ሳሎንና ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት አቆመ። ከሳሎኑ ጀርባ ደግሞ ለሥራው የምትሆን አንዲት ክፍል ጨመረ። ለዚያች ክፍል ሁለት በር አወጣላት፤ አንዱ ቆዳ ወደሚያከማችበት ወደ ግራው ወገን፣ ሌላው ሚስቱ ወዳለችበት ወደ ቀኙ። አናጢው «ምነው ጌታዬ፣ ለአንድ ክፍል ሁለት በር?» ቢለው፣ «ሚስቴንም ቆዳዬንም ከወንበሬ ሳልነሳ እንዳይ ብዬ ነው» አለ ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ መኪና መጣ፤ ፈረስ ከከተማው ወጣ። ኮርቻ ሰፊው የሚሰፋው ሲያጣ መጀመሪያ ቀበቶ ሰፋ፣ ቀጥሎ የውሻ ማሰሪያ ሰፋ፤ በመጨረሻም እጁን አጣጥፎ በዚያችው ክፍል መንገድ መንገዱን ሲያይ ኖሮ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ሚስቱ ብቻቸውን ሲቀሩ የግራውን ወገን ለአንድ የሙዚቃ መምህር አከራዩ። መምህሩ አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው፤ ከእሷና ከአባቷ የተነሳ ከቤቱ ዘፈን አይጠፋም ነበር። ልጅቷን ትኩሳት ያዛት፤ ሳምንት ሳትሞላ አረፈች። አባትና እናት የልጃቸውን አልጋ እንኳ ሳያነሱ ለቀው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሠፈሩ «ይሄ ቤት ሰው ይበላል» ማለት ጀመረ። አሮጊቷ ይህን ሲሰሙ ደማቸው ይፈላል። «ቤት ምን በወጣው!» ይላሉ። «ሰው የትም ይሞታል። ቤቱ እዚያ ቆሞ ስለተገኘ ይወቀሳል?»

እታለም ይህን ሁሉ የሰማችው ከራሳቸው አፍ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ቤቱን ከአሮጊቷ የገዛው እሷ ገና ስትድህ ነው። አሮጊቷ ሲሸጡለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ነፍሳቸው እስክትወጣ ድረስ ከባላቸው ክፍል፣ ከዚያች ሁለት በር ካላት ክፍል፣ ማንም እንዳያስወጣቸው። አባቷ እሺ አለ። «ሴትዮዋን ከነቤቱ ገዛኋት» እያለም ይቀልድ ነበር። የሠፈሩ ልጆች «እማማ ኮርቻ» ይሏቸዋል፣ ከኋላቸው ነው ታዲያ፤ ከፊታቸው ያለማ ዱላቸውን ይቀምሳል።

የሹፌሩ ልጆች ሦስት ነበሩ። ትልቁን ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። ትንሹ «ማሙሽ» ነው፤ ጢሙ ከሸበተም በኋላ ማሙሽ እንደተባለ ቀረ። መካከለኛዋ እሷ ናት። ወንድሞቿ ከሕፃንነቷ ጀምረው «እታለም» ስላሏት ሠፈሩም እታለም አላት፤ የወጣላትን ስም የምታስታውሰው መታወቂያዋን ስታሳድስ ብቻ ነው። ጋሼና ማሙሽ የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነበር። ማሙሽ የጋሼን ጆሮ በእጁ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ጋሼ ጠዋት ጠዋት አንድ ጆሮው ቀልቶ ትምህርት ቤት ሲሄድ ልጆች ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን አንድም ቀን እጁን አስለቅቆት አያውቅም።

እማማ ኮርቻ በሰላም አረፉ። አባትየው ግን ከነጭነቱ ገደል ገብቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ እናታቸው «ሰፊ አልጋ ላይ ብቻዬን አልተኛም» ብላ ወደዚያችው ክፍል ተዛወረች። ጋሼ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፤ አግብቶ በቀኙ ወገን ሴት ልጆች ወለደ። ማሙሽ ግንበኛ ወጣው፤ ሚስት አምጣ ሲሉት «ቤት ሠርቼ ልጨርስ» እያለ የሰው ቤት ሲሠራ ጊዜው አለፈ። እሱ በግራው ወገን ይኖር ነበር። እታለም ልብስ ስፌት ተምራ፣ አንድ የፖስታ ቤት ሠራተኛ አግብታ ወደ ሌላው የከተማው ጫፍ ሄደች።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እናታቸው ሆዴን ሆዴን ትል ጀመር። ሐኪሙ እባጭ ነው፣ መቀደድ አለባት አለ። ጋሼ ትቀደድ አለ። ማሙሽ አይሆንም አለ። «ይሄ ሰውነት ቢላ የሚችል ይመስልሃል?» ብሎ ተከራከረ። «የቀራትን ዕድሜ በቤቷ በሰላም ትኑር።»

«ዝም ብዬ ስትሞት ልያት?»

«እኔስ ትሙት ነው ያልኩህ?»

እናትየው ከትራሷ ቀና ብላ «እኔን ጠይቁኛ» አለች። ሁለቱም ዞሩ። እሷም አንዱን አየች፣ ሌላውን አየችና «ጋሼ እንዳለ ይሁን» አለች። ትልቁ እሱ ስለሆነ ይሁን፣ መዳን ፈልጋ ይሁን፣ እታለም እስከ ዛሬ አታውቅም። ጋሼ በራሱ አውቶቡስ ወሰዳት፤ ያን ዕለት አውቶቡሱ ውስጥ ሌላ መንገደኛ አልነበረም። እናታቸው ከቀዶ ጥገናው አልነቃችም።

ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ማሙሽ ከጥግ ተነሳ። ዓይኑ ደም መስሏል። «ለምንድን ነው የምታለቅሱት?» አለ። «ገዳይዋ ይኸው፣ መሃላችሁ ተቀምጦ የለም እንዴ!»

ጋሼ ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሳ፣ አደረገና ወጣ። ማሙሽ ራሱ ወዲያው እንደደነገጠ እታለም አይታለች። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሽማግሌ ተላከ፤ አንዴም ሁለቴም። ጋሼ «ይቅርታ ይበለኝ፣ ሌላ አልፈልግም» አለ። ማሙሽ «እሱ እናቴን ይመልስልኝ» አለ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸው አለቀ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ሲወጣ ሲገባ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ያጉረመርም ነበር። በመጨረሻ ጋሼ ከማሙሽ ጋር አንድ ሳሎን አልገባም፣ ቤቱ ይከፈል አለ። ይህ ለማሙሽ ሲነገረው «እሺ ይከፈል» አለ። «ግንበኛ እንዳትፈልጉ። እኔው እገነባዋለሁ።»

እታለም ይህን ሰምታ የጀመረችውን ልብስ ጥላ መጣች። ስትደርስ ማሙሽ ሳሎኑ መሃል ላይ ክር ወጥሮ ብሎኬት እየደረደረ ነበር። ግድግዳው ከኋለኛው ክፍል ግንብ ተነስቶ፣ ሳሎኑን እኩል ቆርጦ፣ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን መስኮት መሃል ለመሃል ሊመታው ነው። መስኮቱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለዚህ፣ ግማሹ ለዚያ ሊደርስ ነው።

«ማሙሽዬ፣ ተው» አለችው። «የእናታችን አፈር እኮ አልደረቀም።»

«እታለም፣ ሂጂልኝ። ሲሚንቶው ይደርቅብኛል።»

ቀና ብሎ አላያትም። ቱምቢውን አወረደ፣ ግድግዳው ቀጥ ማለቱን አየ፣ ሌላ ብሎኬት አነሳ። ከመኝታ ቤቱ በር ላይ የጋሼ ትንሿ ልጅ ጣቷን ጎርሳ ታየው ነበር። እታለም እጇን ይዛ ወሰደቻት።

አንድ ነገር ብቻ ሳይከፈል ቀረ። የእናታቸውን ክፍል ማናቸውም አልነኩትም። ግራውም ቀኙም በሯ ተዘግቶ፣ አቧራ እየጠጣች ተቀመጠች። በኋላ የእታለም ባል ታሞ ሲሞትባት፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ የስፌት መኪናዋን አሸክማ ወደዚያች ክፍል ገባች። ሁለቱም ወንድሞቿ በየበራቸው መጥተው ዕቃዋን አስገቡላት፤ አንዱ ሲገባ ሌላው እየወጣ። ሁለቱም «ክፍሏ ያንቺ ናት» አሏት። ከጠቡ ወዲህ የተስማሙበት ይሄ ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ እታለም ከሁለቱም ወገን መግባት የምትችል ብቸኛ ሰው ሆነች። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ለሁለቱም ቁርጡን ነገረቻቸው፤ «ምግብ አመላልሳለሁ፤ ነገር አላመላልስም።» በቃሏም ጸናች። እነሱ ግን መንገድ አያጡም ነበር። ዝናብ የጣለ ቀን ጋሼ ሾርባውን እያማሰለ «የዚያ ሰውዬ ጣሪያ ያፈሳል እንዴ?» ይላታል።

«ሂድና እየው።»

«እኔ ምን አግብቶኝ!»

ማሙሽ ጋር ስትሄድ ደግሞ «ዛሬ አውቶቡሱ ዘገየ፤ ምን ሆኖ ነው?» ይላታል። አውቶቡሱ ከበር ላይ ሲቆም ሰዓቱን ቆጥሮ ያውቀዋል። እሷ ትስቃለች።

ዓመታት እንዲህ ሄዱ። የጋሼ ልጆች አንድ በአንድ አግብተው ወጡ። ሚስቱ በስኳር በሽታ ስትደክም ቆይታ ሞተች። ማሙሽ ለቀብሯ መጣ፤ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ቆመ፤ አፈር ሲመለስ አካፋ ተቀብሎ አብሮ መለሰና ማንንም ሳያናግር ሄደ። ጋሼ አይቶታል። ለእታለም ግን የነገራት «አካፋ አያያዙ አሁንም እንደ አባታችን ነው» ብቻ ነው።

ከዚያ ጋሼ ጡረታ ወጣ፤ ማሙሽን ደግሞ ሳል ጀመረው። ዕድሜውን ሙሉ የሲሚንቶ ብናኝ ሲምግ የኖረ ሳንባ ነው። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይስላል፤ ኋላ ደረጃ ሲወጣ፤ ኋላ ሲስቅ። ሥራ ተወ። እታለም ሐኪም ቤት ስትወስደው፣ ሐኪሙ የሳንባውን ፎቶ ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየውና የሚያቃልል መድኃኒት ጻፈ። ደጅ ሲወጡ ማሙሽ «ዝም ብሎ ጻፈ እኮ። የሚድን ሰውማ ይቆጡታል» አላት።

አንድ ጠዋት እታለም ልትጠርግ ወደ ጋሼ ወገን ስትገባ አልጋውን መኝታ ቤቱ ውስጥ አጣችው። ሳሎን ነው ያለው፤ ግድግዳው ሥር ተጠግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መኝታ ቤቱ ቀዘቀዘኝ።»

ጊዜው የበጋው ሙቀት የከረረበት፣ ውሻ እንኳ ጥላ የሚፈልግበት ወቅት ነበር። እታለም መጥረግ ጀመረች። ቆይቶ ጋሼ ራሱ አመለጠው። «ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አደረ።»

«ማን?»

«ድመቷ» አለ።

«ድመት ይስላል እንዴ፣ ጋሼ?»

ጋሼ ወደ ግማሹ መስኮት ዞሮ መንገዱን ያይ ነበር። እታለም መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነገር አላመላልስም ያለችውን ያን ዕለት ተወችው። «ወንድምህ እየሞተ ነው» አለችው። «ዛሬ ነገ የሚባል አይደለም፤ ግን ክረምቱን አያይም። ሐኪሙ ለኔ ነግሮኛል። ያው የክፍሌ በር፣ ግባበት። ልለምንህ?»

«በበር ብገባ እንግዳ ነኝ» አለ ጋሼ። «እንግዳ ሆኜ ወንድሜን አልጠይቅም።»

እታለም ተነስታ ወጣች። ወንድ ልጅ ሲባል እንዲሁ ነው፣ ሬሳ ፊትም ይኮራል ብላ በልቧ ሰደበችው። ክፍሏ ገብታ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቷት ሳለች የመዶሻ ድምፅ ሰማች።

መጀመሪያ ጎረቤት መሰላት። ከዚያ ወለሉ ከእግሯ በታች ነዘረ። በግራው በር ሮጣ ማሙሽ ጋር ገባች። ማሙሽ ሳሎኑ ውስጥ ካለው ሶፋ ላይ፣ ሦስት ትራስ ተደግፎ፣ ዓይኑን ግድግዳው ላይ ተክሎ ነበር። በመዶሻው ልክ ከኮርኒሱ ትንሽ ትንሽ አቧራ ይወርዳል። ግድግዳው ግን ወይ ፍንክች።

«ምን እያደረገ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ።»

ማሙሽ ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ያለችውን ትንፋሽ ሰብስቦ ጮኸ። «ከላይ ጀምር! የኔን ግንብ ከወገቡ አትችለውም!»

መዶሻው ቆመ። ከወዲያ ማዶ የጋሼ ድምፅ መጣ፤ ድካም የቆራረጠው ድምፅ። «ስንት ሲሚንቶ ነው የሞላህበት፣ አንተ ሰው?»

«ላንተ ብዬ ነዋ! እንዳትመጣብኝ ብዬ!»

ሊስቅ ሲል ሳሉ ያዘው። ሳሉ እስኪለቀው ድረስ ከማዶ ምንም አልተሰማም። ሲለቀው፣ ወንበር ሲጎተት ሰሙ፤ ጋሼ ከላይ ሊጀምር ወንበር ላይ መውጣቱ ነው።

ጎረቤቶች መዶሻ ይዘው መጡ፣ እናግዝህ አሉት። እምቢ አለ። የአማቹን ጉልበት እንኳ አልፈለገም። ከእጁ ቆዳ እየተላጠ፣ እያረፈ፣ እየተነሳ፣ በማግስቱም እንደዚያው ሲቀጠቅጥ ዋለ። ማሙሽ ከሶፋው ሆኖ «ወደ ግራ… እዚያ ጋ ብረት አለ… አዎ፣ እሱን ተወው» እያለ የገዛ ሥራውን ያስፈርሰዋል። መጀመሪያ ብርሃን ገባ። ከዚያ ፊት የሚያህል ቀዳዳ ሆነ፤ ጋሼ አቧራ ለብሶ አጮለቀ።

ማሙሽ ብዙ አየው። «ሽበት በሽበት ሆነሃል እኮ» አለ።

«አንተስ ብትሆን! ማሙሽ ተብለህ አርጅተህ!»

ሁለቱም ሳቁ። በኋላ ቀዳዳው ሰው የሚያሳልፍ ሲሆን ጋሼ ጎንበስ ብሎ፣ ጉልበቱን እያሸ ገባ። ከሶፋው ጎን ተቀመጠና የማሙሽን ብርድ ልብስ እስከ ደረቱ ሳበለት።

እታለም የምትጠብቀው ነገር ነበር። አንደኛው «ይቅር በለኝ» ይላል፣ ሌላው ያለቅሳል፣ የእናታቸው ስም ይነሳል ብላ ስትጠብቅ ሰነበተች። አልሆነም። ሁለቱ ሲያወሩ የዋሉት ስለ አሸንዳው መዝገት፣ ስለ አባታቸው መኪና ጥሩንባ፣ በሬዲዮ ስለሚተላለፈው ኳስ ነው። ጋሼ የሚደግፈውን ቡድን ማሙሽ ይሰድበዋል፤ ማሙሽ የሚደግፈውን ጋሼ። አንድ ከሰዓት ትዕግሥቷ አለቀ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «የእናታችንን ነገር አታነሱትም እንዴ?» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ያለያያችሁ ኳስ ነው?»

ጋሼ አቀረቀረ። ማሙሽ ግን ትንፋሹ እየተቆራረጠ ቀስ ብሎ «ተይን፣ እታለም» አላት። «ጊዜ የለንም።»

ያን ጊዜ ገባት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ሬዲዮው ባትሪ ሲጨርስ ባትሪ ገዝታ መጣች።

የመጀመሪያው ዝናብ ሊጥል ሰማዩ በጠቆረበት ጠዋት ጋሼ ማሙሽን ጢሙን እየላጨው ነበር። እታለም ሙቅ ውሃ ይዛ ገባች። የማሙሽ ፊት በስተቀኝ ንጹሕ ሆኗል፤ በግራው አረፋ እንደተቀባ ነው። ጋሼ ምላጩን አንስቶ ቆሟል። «ሄደ» አላት። እሷ መጮህ ስትጀምር «ቆይ» አለና ምላጩን ሙቅ ውሃው ውስጥ ነከረ። የቀረውን ግማሽ ቀስ ብሎ፣ አገጩን በጣቱ እየደገፈ፣ አንድም ቦታ ሳይቆርጠው ላጨው። በፎጣ አደረቀው። ከዚያ «በይ አሁን አልቅሺ» ብሏት ወጥቶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። እታለም ግን እንባው አልመጣላትም። ውሃ መድፋት፣ ሰው መጥራት፣ ልብስ መፈለግ ነበረባት።

ከቀብሩ በኋላ ጋሼ እንቅልፍ አጣ። አልጋውን ወደ መኝታ ቤቱ መለሰው፣ ተመልሶ ወደ ሳሎን አወጣው፣ በማሙሽ ወገንም ሞከረው። «ዝም አለብኝ» ይላል። «ቤቱ ዝም አለብኝ።» መብላትም ተወ። ትልቋ ልጁ መጥታ አየችውና ውሳኔዋን በዚያው ተናገረች፤ «ሁለታችሁም እኔ ጋ ትመጣላችሁ። ቤቱ ይሸጣል።» ጋሼ ይሟገታል ብላ እታለም ጠብቃ ነበር። «እሺ» አለ።

ሊገዙ የመጡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው። እሱ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ እሷ መንታ አርግዛለች። ባልየው የተቦረቦረውን ግድግዳ በእጁ እየዳሰሰ «ይሄንን እናነሳዋለን፤ ሳሎኑ ይሰፋል» አለ። ሚስቲቱ ግን እታለምን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እትዬ፣ አይደብቁኝ። ሠፈሩ ስለዚህ ቤት ያወራል። ሰው ሞቶበታል?»

እታለም አልደበቀችም። ስለ ኮርቻ ሰፊው፣ ስለ ሙዚቃ መምህሩ ልጅ፣ ስለ እማማ ኮርቻ፣ ስለ ጋሼ ሚስት፣ ስለ ማሙሽ ነገረቻት። ሲነገር ብዙ ነው። ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ አዳመጠች፤ ለአፍታም አሰበች። ከዚያ «ውሃውስ ጠዋት ጠዋት ግፊት አለው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አለው» አለች እታለም።

ዕቃ የጫኑ ቀን የጋሼ ትልቋ ልጅ ከሕፃናቷ ጋር በሌላ መኪና ቀድማ ሄደች። ጋሼና እታለም የጭነቱ መኪና ፊት ላይ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ፤ ከኋላቸው አልጋዎቹ፣ ሬዲዮውና የስፌት መኪናዋ ተጭነዋል። መንገዱ መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እታለም ድንገት አለቀሰች። ለእናቷ፣ ለባሏ፣ ለማሙሽም አልቅሳ የማታውቀውን ለቅሶ፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ሾፌሩ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን አንዴ መንገዱን ያይ ነበር።

ጋሼ እጇን ያዘና ወደ ሾፌሩ ዘወር አለ።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወንድሜ» አለው። «እህቴ እያለቀሰች ነው።»